ለዛፍ ዘር ግምት የትኛው ድሮን? ትንሹ ይበቃል

ለችግኝ ጣቢያ ዘር የሚሰበስቡ ወዳጆቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ ዛፉ ዘንድሮ ምን ያህል ዘር እንደያዘ ከላይ አይቶ ለመገመት ማልቲስፔክትራል ድሮን (ዓይን የማያየውን ብርሃን ጭምር የሚያነሳ ካሜራ ያለው) እንግዛ ወይስ ተራ ካሜራ ያለው ትንሹ ድሮን ይበቃናል? ትንሹ ይበቃል።

ዋጋውን እዩት። ማቪክ 3 ማልቲስፔክትራል ከ4,000 ዶላር በላይ ነው፤ ትንሹ፣ 249 ግራም የሚመዝነው ሚኒ 3 ግን ከ400 እስከ 600 ዶላር ይገኛል። በልዩነቱ ትርፍ ባትሪ፣ ገመድና ዛፍ ላይ ለሚወጡት ልጆች የወቅቱ አበል ይሸፈናል። ያን ሁሉ ከፍላችሁ የምታገኙት የቅጠሉን ጤንነት የሚያሳይ ካርታ ነው፤ የለመለመ ዛፍ ሁሉ ደግሞ አያፈራም። ከ100 ሜትር ከፍታ የማልቲስፔክትራሉ አንድ ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ትንሿ ነጥብ) 5 ሳንቲሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ የጽድ ፍሬ አንድ ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። በነጻ የሚገኘው የሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስልማ ፒክስሉ 10 ሜትር ነው፤ ደኑን እንጂ ፍሬውን አያሳይም።

ትንሹን ፀሐይ ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ወደ ዛፉ አናት በጎን አስጠጉት። መናገሻ ሱባ ደን ላይ ያነሳችሁትን ምስል ስታጎሉት፣ ሴቴዋ ጽድ ወደ ጥቁር በሚያደላው ሰማያዊ ፍሬዋና በላዩ ባለው አመድማ ሽፋን ከወንዴው ትለያለች። ኮሶማ ይቀላል፤ የሴቴዋ ቀይ ዘለላ ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚንዠረገግ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ከጥቂት ዛፎች ናሙና አውርዶ ዘሩን ቆርጦ ማየት ግዴታ ነው። የጽድ ዘር ባዶው ይበዛል፤ ባዶውን ደግሞ ውድም ሆነ ርካሽ ድሮን ከላይ አይለየውም።

ኮፒ (አስመስሎ የተሠራ) ድሮን ግን አደራ! አንድ የዘር ሰብሳቢዎች ማኅበር ካርቶኑ ላይ «4ኬ» (ጥራት ያለው ምስል ያነሳል ለማለት) የተጻፈበትን ከ100 ዶላር በታች ገዛ። ጂፒኤስ አልነበረውም፤ ንፋስ ሲነሳ ባለበት መቆም አቅቶት ዝግባ ውስጥ ገባና ቀረ። ያነሳው ምስልም ፍሬን ከቅጠል የማይለይ ደብዛዛ ነበር። ኮፒ ባትሪም እንዲሁ ነው፦ ያብጣል፣ ከማስገቢያው ይላቀቃል፣ ድሮኑን ከአየር ላይ ይጥላል። የሚኒው ካሜራ ቀጭን ገመድ ቢበጠስ የሚቀይር ባለሙያ አይጠፋም፤ የማልቲስፔክትራሉን ካሜራ የሚነካ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ከማስገባታችሁ በፊት ከኢመደአ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ አውጡ፤ ያለዚያ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ገንዘቡን ሳትቆጥሩ ድሮኑን አስነሡና ባትሪው ስንት ጊዜ ቻርጅ እንደተደረገ መተግበሪያው ላይ ተመልከቱ።