ሞተር በካሽ ወይስ በብድር? ወለዱ የሚሰላበትን መንገድ ሳያውቁ አይፈርሙ

ለሥራ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው አበዳሪው ቢሮ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወለዱ ስንት ፐርሰንት ነው?» ብሎ ነው። መልሱ «በዓመት 18» ቢሆን ገና ምንም አላወቀም። ሁለት ሰዎች ያንኑ ሞተር በዚያው 18 በመቶ ወስደው አንዱ ከሌላው ከ22 ሺህ ብር በላይ አብልጦ ሊከፍል ይችላል።

ለስሌት እንዲመች ሞተሩ 200,000 ብር ነው እንበል። 60,000 ብር ቅድሚያ ተከፍሎ 140,000 ብር ለ24 ወር ይበደራሉ። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው 6,990 ብር ገደማ፣ ጠቅላላ ወለዱ 27,700 ብር አካባቢ ይሆናል። «ፍላት» በሚባለው ቋሚ ወለድ ከሆነ ደግሞ ወርሃዊው 7,933፣ ጠቅላላ ወለዱ 50,400 ብር ነው፤ ዕዳው ወደ 10 ሺህ ብር ወርዶም የሚከፈለው የ140 ሺህ ብር ወለድ ነውና። 18 በመቶ ፍላት በቀሪ ዕዳ ስሌት ቢተረጎም በዓመት ከ31 በመቶ በላይ ማለት ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከመፈረምዎ በፊት የክፍያ ሠንጠረዡን አሳትመው ይዩ። የመጀመሪያው ወር ወለድ 2,100 ብር ከሆነ የ12ኛው ወር ወደ 1,230 መውረድ አለበት። አሁንም 2,100 ከሆነ ፍላት ነው። አበዳሪው ሠንጠረዥ አልሰጥም ካለ ወረቀትዎን ይዘው ይውጡ። በፍላት የተበደረ ሰው ቀድሞ ቢከፍልም ብዙ ጊዜ የሚቀነስለት የለም፤ ይህም በጽሑፍ ይጠየቅ።

ከወለዱ ሌላ ተቀናሾች አሉ። የአገልግሎት ክፍያው 2 በመቶ ቢሆን 2,800 ብር ገና ብሩ ሲለቀቅ ይቆረጣል፤ ሻጩ ግን ሙሉ ዋጋውን ነው የሚጠብቀው። ቅድመ ቁጠባ፣ የሕይወት መድን፣ ለሞተሩ ደግሞ ሙሉ ሽፋን መድን የሚጠይቁም አሉ። የመጨረሻውን አንጠላውም። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ሞተሩ ቢሰረቅ አንድ ብር አይከፍልም፤ ሞተር ደግሞ ለሌባ አይከብድም።

በካሽ መግዛት ከዚህ ሁሉ ያድናል፣ ለመከራከርም አቅም ይሰጣል። ችግሩ የመጨረሻዋን ብር አራግፎ መግዛት ላይ ነው። ከዋጋው ሌላ ቢያንስ 15 በመቶ በእጅ ይቅር፤ ሰሌዳ፣ መድን፣ ሁለት ሄልሜት፣ በመጀመሪያዎቹ 500 እስከ 750 ኪሎ ሜትር የሚቀየረው ዘይት፣ ቀጥሎም ጎማና ካቴና አለ። ካቴናው ሲያልቅ ከነጥርሱ ካልተቀየረ አዲሱን የድሮው ጥርስ ይበላዋል፤ ካሽ ያጠረው ሰው ግን ካቴናውን ብቻ ቀይሮ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይከፍላል። ሻጩ «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ካለም አይሆንም። በባንክ አስገብተው ትክክለኛው ዋጋ የሰፈረበትን ደረሰኝ ይቀበሉ።

ካሽ እስኪሞላ መጠበቅም ነፃ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን በሐምሌ 2016 ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ ሞተሩ ደግሞ ከነመለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ነው። በስሌታችን የሞተሩ ዋጋ በሁለት ዓመት 14 በመቶ ከጨመረ በቀሪ ዕዳ የሚሰላው ብድር ካሽ እስኪሞላ ከጠበቀው ሰው ወጪ ጋር እኩል ወጣ። ፍላቱ እኩል የሚወጣው ጭማሪው 25 በመቶ ሲደርስ ነው። ሞተሩ በመካከል የሚያስገባው ገቢ ሲታከልበት ብድሩ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ገቢው ግን በቀሪ ዕዳ በሚሰላው ብድር እንኳ በወር 26 ቀን ሥራ ታስቦ በቀን 269 ብር ለባንክ ብቻ መትረፍ አለበት፤ ቤንዚንና ጥገና ከተነሣ በኋላ። አዲስ አበባ ላይ ከሰኔ 2011 መጨረሻ ጀምሮ ሞተር ማንቀሳቀስ በፈቃድ ስለተገደበ ፈቃዱ ይቅደም፣ ብድሩ ይከተል። በጸጥታ ምክንያት ሞተር በሚታገድባቸው ከተሞችም ሥራው ቢቆም ወሩ አይቆምም። የቅጣት ወለዱ ይቆጥራል፣ ቀጥሎ የሚነካው የዋሱ ደመወዝ ነው።

ዕቁብ ቀድሞ ለደረሰው ያለ ወለድ ብድር ነው። መጨረሻ ለሚደርሰው ሞተሩ በዋጋ ሊያመልጠው ይችላል፤ ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ዕጣ መግዛት ይቻል እንደሆነ ሰብሳቢውን ይጠይቁ።

ፈጽሞ የማንመክረው «በውክልና ዱቤ» የሚባለውን ነው። ሊብሬው በሻጩ ስም ይቆይና ገዢው በውክልና እየነዳ ይከፍላል። ሻጩ ቢሞት ውክልናው እንደ ደንቡ ይቋረጣል፤ ዕዳ ቢኖርበት የሚያዘው በስሙ ያለው ሞተር ነው። ከግለሰብ ብድር ላይም የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወለዱን ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ አድርጎታል። «በወር 10» የሚል ሰው አራጣ ነው የሚያበድረው።

በባንክ ብድር ከገዙ ውሉ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሞተር ሳይክሉ አንገትና ከኢንጂኑ አካል ላይ በዓይንዎ እያዩ ያመሳክሩ። ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች ሊብሬ አይወጣም፣ ብሩም አይለቀቅም። ዕዳው ሲያልቅ ደረሰኙ ብቻ አይበቃም። ከዕዳ ነፃ የሚል ደብዳቤ ተቀብለው ትራንስፖርት ቢሮ ያስገቡ፤ ከፋይሉ ላይ ለብድሩ የተያዘው እግድ መነሣቱንም እዚያው ሳሉ ያረጋግጡ። ያልተነሣ እግድ የሚታወቀው ሞተሩን ሊሸጡ ገዢ ይዘው ሲሄዱ ነው።