ለክረምት ጓሮ የትኛው ጉዝጓዝ ይሻላል? ጭድ፣ ሰጋቱራ፣ የቡና ገለፈት፣ ቅጠል፣ ጠጠርና ላስቲክ ሲነጻጸሩ

ሐምሌ ላይ ጉዝጓዝ፣ ማለትም የአፈሩን ፊት የሚሸፍን ልባስ፣ ያልለበሰ መደብ ምን እንደሚመስል ጓሮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ጠብታው መሬቱን ሲመታ ጭቃው ይፈናጠራል። የቆስጣውና የሰላጣው የታች ቅጠል አፈር ይለብሳል። ቲማቲሙ ከታች ጀምሮ ነጠብጣብ ያወጣና ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ አፈር ውስጥ የከረመው የፈንገስ በሽታ ከጭቃው ጋር እየተፈናጠረ ይወጣበታልና። ግማሽ ቀን ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ የመደቡ ፊት ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል። የሚቀጥለው ዝናብ መስረጉን ይተውና አፈሩን ይዞ ወደ ቦይ ይሄዳል።

ጉዝጓዝ ይሄን ሁሉ ይቀንሳል። ግን የትኛው? ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምክር ለበጋ የሚሆን ነው፦ እርጥበት እንዲይዝ ወፈር አድርጋችሁ አልብሱት ይባላል። በበጋ ልክ ነው። በክረምት ግን መሬቱ ውኃ አልጠማውም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። በነዚህ ወራት ከጉዝጓዝ የምንፈልገው የጠብታውን ጉልበት እንዲሰብርልን፣ ውኃውን ቀስ አድርጎ እንዲያሳልፍና መሬቱን እንዳያፍን ነው። ስለዚህ ሸካራ የሆነና ሳሳ ተደርጎ የተነጠፈ ያዋጣል። ደቃቅ የሆነና ተቆልሎ የተነጠፈ ሥር ያበሰብሳል። ከታች ያሉትን ሁሉ የመዘንኳቸው በዚህ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ከዕቃው ሦስት አራት ጣት ውፍረት ያህል ወንፊት ላይ አድርጉና አንድ ጆግ ውኃ አፍስሱበት። ውኃው ወዲያው ወደ ታች ካለፈ ለክረምት ይሆናል። ላዩ ላይ ከተንጣለለ ወይም በጎን ከሸሸ አይሆንም። ቀጥሎ እርጥቡን በእጃችሁ ጨብጡና ልቀቁት። ፈታ ብሎ ከተነሣ አየር ያሳልፋል። እንደ ሊጥ ተጨብጦ ከቀረ መደቡም ላይ እንደዚያው ይቀራል።

ጭድና ገለባ

የጤፍ ጭድና የስንዴ ገለባ በአንድ ዓይን አይታዩም። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ልስልስ ነው። ጭቃ ቤት ሲመረግ ጭቃውን አንድ ላይ የሚይዘው ለዚህ ነው። ያው ባሕርይው መደብ ላይ ችግር ይሆናል፦ ሁለት ሦስት ጊዜ ኃይለኛ ዝናብ ከወረደበት በኋላ ተጋድሞ ይተኛና ይያያዛል። ዋጋውም ቢሆን አይቀመስም፤ ላም ያለውም ቤት የሚያስመርገውም ይፈልገዋል። ሌላ ካጣችሁ ከሁለት ጣት ሳታስበልጡ አንጥፉት፣ በየሁለት ሳምንቱም በጣታችሁ ፈታ ፈታ አድርጉት።

የስንዴና የገብስ ገለባ ግን አገዳው ክፍትና ጠንካራ ነው። ዝናብ ቢመታውም በመካከሉ አየር ይቀራል። ውኃውን በየአገዳው እያንጠባጠበ ያወርዳል። ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለቃሪያና ለቲማቲም መደብ የኔ አንደኛ ምርጫ ይሄ ነው፤ የጤፍ ጭድና የስንዴ ገለባ እኩል ዋጋ ቢባሉም ያለማመንታት ገለባውን እወስዳለሁ። ጉድለቱ ውስጡ የቀረው ፍሬ መብቀሉ ነው። ሻጩን ፍሬ እንዳለበት ጠይቁ፣ እናንተም ዘርግፋችሁ እዩ። ካለበት ዝናብ ላይ በትናችሁ አንድ ሳምንት ተዉት። ፍሬው እዚያው ይበቅላል፣ ገልበጥ ስታደርጉት ይሞታል።

ስትገዙ ቀለሙን ተመልከቱ። ወርቃማና ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ግራጫ ሆኖ ሲራገፍ ነጭ አቧራ የሚያወጣው ሻግቷል። ተክሉን ብዙም አይጎዳውም፤ ለሰው ደረት ግን ክፉ ነው። አስም ያለበት ሰው ቤት ካለ ባታስገቡት ይሻላል። በኪሎ የሚሸጥላችሁ ከሆነ ደግሞ እርጥቡን አትግዙ፤ የምትከፍሉት ለውኃ ነው።

የበቆሎ አገዳ ካገኛችሁ በቆንጨራ ስንዝር ስንዝር እያላችሁ ቆራርጡት። ለዓይን አያምርም። ሥራው ግን ከገለባ አይተናነስም፣ ቶሎም አይበሰብስም።

ሰጋቱራና የፒያላ ፍቅፋቂ

እንጨት ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሰጋቱራን ነው። ርካሽ ነው፣ አንዳንዴ በነጻ ይገኛል። አሁን አሁን ዶሮ አርቢዎች ስለሚሻሙበት ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ለክረምት መደብ አልመክረውም፤ ምክንያቴም ከአንድ በላይ ነው። ደቃቅ ስለሆነ ሲደርቅ ውኃ አያስገባም፣ ሲርስ ደግሞ ግጥም ብሎ መሬቱን ያፍነዋል። ሁለተኛው ጉዳይ ምግብ ነው። እንጨት ውስጥ ካርቦኑ ብዙ ነው፣ ናይትሮጂኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንጨቱን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ተሕዋሲያን የጎደላቸውን ናይትሮጂን ከአፈሩ ይወስዳሉ። ላዩ ላይ ብቻ ከተነጠፈ ጉዳቱ ከመሬቱ ፊት አይዘልም። ቆፍራችሁ ካቀላቀላችሁት ግን ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ቀጭጮ ይቀራል። ስለዚህ ማንም ምንም ቢላችሁ ትኩስ ሰጋቱራ ከአፈር ጋር አታዋሕዱ።

ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ዛሬ ብዙ እንጨት ቤት የሚቆረጠው ኤምዲኤፍና ቺፑድ (ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ እንጨት) ነው። የዚያ ብናኝ ሙጫና ኬሚካል አለበት፣ ለሚበላ ነገር አይሆንም። ቀለም የተቀባ ወይም ምስጥ እንዳይበላው መድኃኒት የተነከረ እንጨትም እንዲሁ።

በፒያላ ሲላግ የሚወጣው የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ከሰጋቱራ በእጅጉ ይሻላል። ጥቅልሉ አየር ይይዛል፣ ውኃም ያሳልፋል። ለጽጌረዳ፣ ለአቮካዶና ለሌላ ዛፍ ግርጌ ከማንም አያንስም። ሰጋቱራውን ደግሞ በመደቦች መካከል ላለው መተላለፊያ አድርጉት። እዚያ ማፈኑ ጥቅም ይሆናል፤ አረም አያወጣም፣ ጫማም ጭቃ አይይዝም። ዓመት ከርሞ የጠቆረ ሰጋቱራ ካገኛችሁ ነገሩ ይለወጣል፤ እሱን መደብ ላይ ሳሳ አድርጎ ማንጠፍ ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከፍተኛ ክምር ሆኖ ዝናብ ሲወርድበት የከረመ ሰጋቱራ ወይም ፍቅፋቂ ከውስጡ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ አየር አጥቶ ኮምጥጧል። እንደዚያው ብታነጥፉት ለጋ ችግኝ ያቃጥላል። በትናችሁ ሽታው እስኪጠፋ አናፍሱት።

የቡና ገለፈት

ፖታሲየም የሞላበት ነው፣ መሬትም ያወፍራል። በጅማና በከፋ በኩል፣ ዝናቡ ከአዲስ አበባው ረዘም ላለ ጊዜ በሚቆይበት አካባቢ፣ ቡና መፈልፈያ ባለበት ሁሉ ክምሩ አይጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ማጓጓዣው ዋጋውን ስለሚያንረው ከገለባ ጋር ማወዳደር ይከብዳል።

ትኩሱን አታንጥፉ። ሲከመር ይግላል፣ ውስጡ ያለው ካፌይንም ለጋ ችግኝ ያቀጭጫል። ጥቂት ወራት ተቀምጦ የጠቆረውን ፈልጉ። ቀላል ስለሆነ የመጀመሪያው ዶፍ ጠራርጎ ሊወስደው ይችላል። እኔ የምመክረው ከሥር ሁለት ጣት ገለፈት፣ ከላዩ ስስ ገለባ ነው። ገለፈቱ ይመግባል፣ ገለባው ይይዝለታል። ከዚህ የተሻለ ቅንጅት አላውቅም።

በነጻ የሚገኘው

ክረምት የበቆሎ እሸት ወቅት ነው። ጠባሾቹ የሚጥሉት ልጣጭ በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ ታገኙታላችሁ። ጠይቃችሁ ውሰዱት፣ ደስ ይላቸዋል። በእጅ ቀደድ ቀደድ ተደርጎ ሲነጠፍ ጥሩ ሽፋን ነው። ቄጠማም እንዲሁ፦ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ተጎዝጉዞ የከረመውን ስትጠርጉ ወደ ቆሻሻ አትወርውሩት። ዘር ካልያዘ አንደኛ ጉዝጓዝ ነው። ሰም ወይም ዘይት ያረፈበትን ብቻ ለዩ።

ሳር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰርዶን እርጥቡን መደብ ላይ መጣል ሰርዶ መትከል ነው፤ እያንዳንዱ አንጓ ሥር ያወጣል። ሙጃ ደግሞ ካፈራ በኋላ ከሆነ ዘሩን ትበትናላችሁ። ሳር ሳያብብ ይታጨድ፣ ጠውልጎ ይደር፣ ከዚያ ይነጠፍ። ትኩስ ሳር ወፈር ብሎ ሲከመር ይግልና ይሸታል።

ከቅጠል የግራቪሊያ ደረቅ ቅጠል ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አያልቅም። የሙዝና የኮባ ቅጠል እንደ ጠፍጣፋነቱ ከተነጠፈ ውኃ አያሳልፍም፤ ሸንትሩት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ዘይቱ ለጋ ችግኝ እንዳይበቅል ይከለክላል። እሱን ለመተላለፊያ ብቻ።

ጠጠርና ላስቲክ

ሬድ አሽና ጠጠር አይበሰብሱም፣ ውኃ ያሳልፋሉ፣ ያምራሉም። ለአበባ ማስቀመጫ፣ ለጽጌረዳና በየዓመቱ ለማይቆፈር ቦታ ይሁኑ። አትክልት መደብ ላይ አይደረጉም፤ አንዴ ከአፈር ጋር ከተደባለቁ ለቅሞ ማውጣት የማይታሰብ ነው።

ጥቁር ላስቲክ ክረምት ላይ ሁለት እውነተኛ ጥቅም አለው። አፈሩን ያሞቃል፣ ዝናቡም ማዳበሪያውን አጥቦ እንዳይወስደው ይከላከላል። ለእንጆሪና ለቃሪያ የሚመርጡት ገበሬዎች አሉ፣ ተሳስተዋል አልልም። በቤት ጓሮ ግን መደቡ ከፍ ብሎ ቦዩ በደንብ ካልተሠራ ከላስቲኩ የሸሸው ውኃ ሁሉ በመካከል ይተኛል። ሲያረጅም ይበጣጠስና ስብርባሪው አፈር ውስጥ ይቀራል። ለሦስት አራት መደብ ያን ሁሉ ጣጣ አልገባበትም።

አነጣጠፉ

መረሬ (ውኃ የሚቋጥር ጥቁር) አፈር ያላችሁ መጀመሪያ መደባችሁን ከአንድ ስንዝር ያላነሰ ከፍ አድርጉ፣ በዙሪያው ቦይ አውጡ። ይሄ ሳይሠራ የትኛውም ጉዝጓዝ አያድንም። ቀይ አፈር ውኃ ስለሚያሳልፍ ትንሽ ይታገሣል።

ሰኔ ላይ መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ አረሙን ነቅላችሁ፣ የተብላላ ፍግ በትናችሁ ጉዝጓዙን አንጥፉ። ችግኙ አንድ ስንዝር ያህል ይደግ። ካሮት፣ ሰላጣና ሌላ በዘር የሚዘራ ነገር በቅሎ እስኪታይ ድረስ ባዶውን ይቆይ። ገለባ፣ አገዳና ፍቅፋቂ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃቸዋል፤ ጭድ፣ ገለፈትና የከረመ ሰጋቱራ ከ2 እስከ 3። የዛፍ ግርጌ እስከ 8 ሊደርስ ይችላል።

ትልቁ ጥንቃቄ ግንዱ ጋ ነው። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ለችግኝ ሦስት ጣት፣ ለዛፍ ደግሞ አንድ ስንዝር ዙሪያውን ክፍት ተዉ። እርጥብ ጉዝጓዝ የተጠጋው ግንድ አንገቱ ላይ ይበሰብሳል፣ ተክሉ ከሥር ሳይታይ ያልቅና አንድ ጠዋት ወድቆ ይገኛል። ተዳፋት ቦታ ከሆነ አገዳውን ከቁልቁለቱ በአግድም አጋድሙት፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ።

ቀንድ አውጣ ጉዝጓዝ ሥር ይደበቃል፤ የክረምት ጉዝጓዝ የሚያመጣው ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ማታ መደቡ ዳር እርጥብ ጣውላ አጋድሙ፣ ጠዋት ገልብጣችሁ ከሥሩ ልቀሟቸው። ከበዙባችሁ ጉዝጓዙን ለጥቂት ቀን ወደ መተላለፊያው ግፉትና መሬቱ ይናፈስ።

ስንት ይበቃል?

10 ካሬ ሜትር መደብ 5 ሴንቲ ሜትር ለማልበስ 500 ሊትር ያህል ዕቃ ይፈልጋል። ባለ 50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ 7 ወይም 8 ሙሉ ነው። ገለባ ሲነጠፍ ይተኛልና አንድ ሁለት ጨምሩበት።

መስከረም አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሲያቆም ሥራው ይገለበጣል። ያኔ ያው መደብ እርጥበቱን ይዞ እንዲቆይ ይፈለጋል። መሬቱ ገና እርጥብ እያለ ሌላ 5 ሴንቲ ሜትር ደርቡበት፤ ክረምት ላይ ያልመከርኩት የጤፍ ጭድ በዚህ ጊዜ ጥሩ ነው። መጪውን ክረምት ካሰባችሁ ደግሞ ገለባውን ሰኔ ላይ አትግዙ። ሰኔ ከአጨዳ የራቀ፣ ከብቱም መኖ የሚያጥርበት ወቅት ስለሆነ ሻጩ የጠራው ዋጋ ላይ ይጸናል። ታኅሣሥና ጥር ላይ አውድማው ሳይበተን ገዝታችሁ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ፣ ጣራ ሥር አስቀምጡት።