«ዋጥክ?» ማለትን የሚያስቀር ሣጥን፦ የሳምንት ኪኒን መያዣ በጅማ ቤቶች

የአእምሮ ሕመም ክትትል ላይ ያለ ሰው ባለበት ቤት ማታ ማታ የምትነሳ አንዲት ጥያቄ አለች፦ «መድኃኒትህን ዋጥክ?» የምትጠይቀው እናት ናት፣ እህት ናት፣ አንዳንዴም የቤት ደባል። ጥያቄዋ ከፍቅር ብትመጣም በሦስተኛው ወር ምርመራ ምርመራ ትሸታለች። ታካሚው ሳይውጥ «ዋጥኩ» ይላል፣ ወይ ይቆጣል፣ ወይ እውነቱን ተናግሮ የሚያምነው ያጣል። ይህ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ሣጥን ዋና ጥቅሙ ጥያቄዋን ማስቀረቱ ነው፤ የዛሬው ክፍል ባዶ ከሆነ የሚጠየቅ ነገር የለም።

መድኃኒት ቤት ስትጠይቁ ባለ 7፣ ባለ 14 ወይም ባለ 28 ክፍል ሊቀርብላችሁ ይችላል። ባለ 28ቱ ያምራል፤ ግን ለአብዛኛው ሰው ትርፍ ነው። ኦላንዛፒን (ለከባድ የአእምሮ ሕመም) እና አሚትሪፕቲሊን (ለድብርት) ብዙ ጊዜ ማታ አንድ ጊዜ ነው የሚታዘዙት፣ ለእነሱ ባለ 7ቱ ይበቃል። ጠዋትና ማታ ለሚወስድ ባለ 14ቱን ግዙ። የወር መርፌ ብቻ ለሚወጋ ደግሞ ሣጥኑ ጭራሽ አያስፈልግም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካሌንደር ይሻለዋል።

የመጀመሪያው ችግር ጽሑፉ ነው። ክዳኖቹ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት «ኤስ» እና ሁለት «ቲ» ስላለው ማክሰኞንና ሐሙስን ያምታታል። ነጭ የቁስል ፕላስተር ቆርጣችሁ ለጥፉበትና በማርከር ሰ፣ ማ፣ ረ፣ ሐ፣ ዓ፣ ቅ፣ እ ብላችሁ ጻፉ፤ በአማርኛ ሰባቱም ቀን በተለያየ ፊደል ይጀምራል። በኦሮምኛ ቁቤ ከሆነ ግን ኪብጠታና ከሚሳ ሁለቱም በ«ኬ» ስለሚጀምሩ ሁለት ሁለት ፊደል ይሁን።

ሁለተኛው እርጥበት ነው፣ ጅማ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ጨው እንኳ በሚረጥብበት ክረምት ከእሽጉ የወጣ ካርባማዜፒን (የሚጥል በሽታና የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት) ይደነድናል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ለተመሳሳይ ሕመም የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮዬትም እርጥበት ስለሚስብ ከፎይሉ ወጥቶ ሳምንት ማደር የለበትም። መላው ቀላል ነው፦ ኪኒኑን ከነእሽጉ ተዉትና በየክፍሉ አንድ አንድ የቡና ፍሬ አስቀምጡ። ኪኒኑ ሲዋጥ ፍሬዋ ትወጣለች። ጅማ ላይ የቡና ፍሬ አይጠፋም።

አሞላሉ ላይ ስሕተት የሚመጣው ቀን በቀን ሲሞላ ነው። አንዱን መድኃኒት ሰባቱም ክፍል ውስጥ ጨርሱ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ጀምሩ። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። የሚገመስ ኪኒን ካለ የአንድ ሳምንቱን ብቻ ግመሱ። ሐኪሙ መጠን ከቀየረ አሮጌውን በሙሉ አውጥታችሁ እንደ አዲስ ሙሉ፤ ላዩ ላይ መጨመር ነው ሰውን ሁለት እጥፍ የሚያስውጠው። አንድ ማታ ከታለፈም በማግሥቱ ደርቦ መዋጥ የለም።

ሣጥኑን ማን ይሙላው? የኛ አቋም፦ ታካሚው ራሱ ይሙላ፣ ቤተሰብ አጠገቡ ይቀመጥ። እሑድ ቡና ሲፈላ አሥር ደቂቃ ይበቃል። «አንተ ሙላ፣ እኔ ልቁጠርልህ» እና «ወዲህ በለው፣ አንተ ትረሳለህ» የሚሉት ቃላት ውጤታቸው ሰማይና ምድር ነው። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቮን እና ሌፍ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዝ አገር ባሳተሙት ጥናት፣ ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ሐሳብን የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው ትችት በበዛበት ቤት በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት ሲውል ሕመሙ የሚያገረሽበት ዕድል ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አራት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ሰዓቱን መቀነስ አይችልም። ትችቱን ግን ይችላል፤ ሣጥኑም የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። በየማታው ከፍቶ መቁጠርና ምላስ ማስወጣት ከተጀመረ ግን ገንዘቡ ባክኗል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው አጠቃቀሙ ይለያል። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብን ያቆማል። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ ከሳምንት በላይ አይኑር፣ እንደ ሁኔታው የሁለት ወይም የሦስት ቀን ብቻም ሊሆን ይችላል፤ የቀረው ታካሚው ራሱ በመረጠው ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ። በድብቅ አይሁን፣ ተነጋግሮ ይሁን። ክዳኑ ሕፃን የሚከለክል መቆለፊያ የለውም፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይዋል።

ሣጥኑ የማይፈታው የበርጫ ሰዓት አለ። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው በምርቃና የማታውን ኪኒን «እንቅልፍ ያመጣብኛል» ብሎ ያዘገያል፣ በዚያው ያድራል። ጫት ራሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሳይኮሲስ (ከእውነታ ጋር መለያየት) ላለበትም ሕመሙን ያባብሳል። እዚህ ላይ ከእናት ይልቅ «ዛሬ ይብቃን» የሚል የበርጫ ጓደኛ ያስፈልጋል፤ አንድ እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ካለ ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ይነገረው፣ ታካሚው ከፈቀደ።

በረመዳን የማታው ኪኒን ያለ ችግር ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል፤ ሊትየም (የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ግን የውሃ ጥም መጠኑን ደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። ጠበል የሚሄድም ሣጥኑን ሞልቶ ይዞ ይሂድ።

ጥራቱ መካከለኛ ነው። የክዳኑ ማጠፊያ ከጊዜ በኋላ ይላላል፣ ቦርሳ ውስጥም በራሱ ይከፈታል። ለቀጠሮ ይዛችሁት ስትወጡ በላስቲክ እሰሩት። ባጃጅ ውስጥ የተበተነ ኪኒን የማክሰኞው ይሁን የሐሙሱ ማንም አያውቀውም።