ቪትዝ 1.0 ሃያ ዓመት ከደፈነ በኋላ፦ የሚያረጀው ሞተሩ ሳይሆን ዙሪያው ነው

የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ነው። ከመጨረሻዎቹ መካከል ትንሹ እንኳ ዛሬ ሃያ ዓመት ደፍኗል። እዚህ የሚገመገመው ባለ 1.0 ሊትሩ አውቶማቲክ ነው፤ ሻንሲው ኤስሲፒ10፣ ሞተሩ 1ኤስዜድ-ኤፍኢ፣ አራት ሲሊንደር፣ 70 የፈረስ ጉልበት። ለወራት የተነዳው በአዲስ አበባ ነው፤ መቆም የበዛበት፣ ዳገትና አቧራ የማይጠፋበት መንገድ። ሞተሩ ጠንካራ ነው። የሚያስቸግረው ዙሪያው ነው፦ ላስቲክ፣ ፕላስቲክ፣ የራዲያተር ክዳን፣ ቦቢና (የብልጭታውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዕቃ)፣ ቆሻሻ የዘጋው የአየር መንገድ። ጋራዥ ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚወቀሱት ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ማቃሰቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ባለፈው ወር በቀላሉ የወጣውን ዳገት ዛሬ እምቢ ካለ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል።

በጣም የተለመደው ችግር ሚኒሞ ነው፤ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር። መብራት ላይ ሲቆም ይዋዥቃል፤ ኤሲ ሲከፈት ወይም የፊት መብራት ሲበራ ይጠፋል። ከሞተሩ የሚመለሰው የዘይት ጭስ ስሮትል ቦዲውን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን ክፍል) ያጠቁረዋል። ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚተነፍሰው በሚኒሞ ቫልቩ ጠባብ መንገድ በኩል ስለሆነ፣ መንገዱ በካርቦን ሲጠብ ትንሽ ጭነት ሲጨመርበት ይታፈናል። ሞተሩ ቀዝቅዞ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። ከአየር ፊልትሮው የሚመጣው ማኒኮቶ (ቱቦ) ወጥቶ ስሮትል ቦዲው ይፈታ፤ በካርቡረተር ማጠቢያ ስፕሬይና በለስላሳ ብሩሽ አየሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው ክብ ሳህን ፊትም ጀርባም፣ የሚኒሞው መንገድም ይታጠብ። ስፕሬዩ ወደ ቫልቩ የኤሌክትሪክ ክፍል መግባት የለበትም፤ ቫልቩም በካቻቢቴ በግድ አይዞርም። ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መካከል ያለው ማሸጊያ) ከደረቀ ይቀየር፤ በእሱ በኩል አየር ከገባ ሚኒሞው ከበፊቱ ይብሳል። ከተገጠመ በኋላ ኮምፒውተሩ እስኪለምድ ድረስ ሚኒሞው ለጥቂት ጊዜ ከፍ ሊል ይችላል፤ አያስደነግጥ።

ብዙ ጋራዦች ይህን ሁሉ ትተው የስሮትሏን ማቆሚያ ብሎን ያጠብቃሉ። ሚኒሞው ለጊዜው ይነሳል። ኮምፒውተሩ ግን እግር ከነዳጅ መስጫው መነሳቱን መለየት ያቅተዋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጮኻል፣ ቤንዚንም ይበላል። ያ ብሎን በፋብሪካ ከተስተካከለ በኋላ መነካት የለበትም። ታጥቦም የሚዋዥቅ ከሆነ የተሰነጠቁ ትናንሽ የላስቲክ ቱቦዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሞተሩ እየሠራ አንድ በአንድ በጣት ቆንጠጥ ሲደረጉ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ሌባው ይገኛል።

ሁለተኛው መንቀጥቀጥ ነው፤ በተለይ ዳገት ላይ። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ስላለው ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የኢንጀክተሮቹ (ቤንዚን የሚረጩት ዕቃዎች) ሶኬት ተራ በተራ ይነቀል። ተነቅሎ ሞተሩ ምንም ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሠራም ነበር። ከዚያ ሞተሩ ይጥፋና የዚያ ሲሊንደር ቦቢና ከጎረቤቱ ጋር ይቀያየር። ችግሩ ቦቢናውን ተከትሎ ከሄደ ቦቢናው ነው፤ ባለበት ከቀረ ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው)፣ ኢንጀክተሩ ወይም ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ የመጭመቅ አቅም) ይታይ። የቦቢና ሶኬት እየነቀሉ መፈተን የተለመደ ቢሆንም ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲኩ (የጭስ ማጣሪያው) ስለሚሄድ አይመከርም። የካንዴላው ጉድጓድ ዘይት ካቆረ የላይኛው የሞተር ክዳን ላስቲኮች ደርቀዋል፤ እነሱ ሳይቀየሩ የተገዛ አዲስ ቦቢና ዕድሜው አጭር ነው። የካንዴላ ክፍተት 1.1 ሚሊሜትር ነው። ማጥበቂያው 18 ኒውተን ሜትር፤ መለኪያ ቁልፍ ከሌለ አዲስ ካንዴላ በእጅ እስከ መጨረሻው ገብቶ በቁልፍ ግማሽ ዙር ይበቃዋል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ካንዴላ መፍታት የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ መውጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሙቀት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞስታቱ (የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተር የሚለቀው ቫልቭ) መከፈት የሚጀምረው በ82 ገደማ ነው፤ ፋኑ የሚነሳው ደግሞ ከ90 በላይ። የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ካልያዘ በቴርሞስታቱ መከፈትና በውሃው መፍላት መካከል የሚተርፈው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው፤ ውሃው ፋኑ ሳይነሳ ሊፈላ ይችላል። ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ይወስደዋል። ስለዚህ ውሃ የሚጎድል ቪትዝ ሲገጥም መጀመሪያ የሚቀየረው ርካሹ ዕቃ ክዳኑ ነው፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ የተጻፈው ተመሳሳይ የግፊት ቁጥር ይኑረው። ቀጥሎ ኤሲ ተከፍቶ ፋኑ መዞሩ ይታይ። ካልዞረ ፊውዝና ሪሌው ይፈተሹ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሞተሩ ይጠርጠር። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ከሆነ ሊሰነጠቅ ተቃርቧል፤ ሳይፈነዳ ይቀየር። በውሃ ፓምፑ ሥር ነጭ ወይም ቀይ ቅርፊት ካለ ፓምፑ ማንጠብጠብ ጀምሯል።

መኪናው የሙቀት መርፌ የለውም፤ ያለው መብራት ነው። ቀይዋ ስትበራ ረፍዷል፤ ውሃው ጨርሶ ካለቀ ደግሞ ሴንሰሩ አየር ላይ ስለሚቀር ላትበራም ትችላለች። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ከፍቶ ማየት የሚተካ ነገር የለም። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ዝገት ያመጣል፤ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ይሁን። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልስ? በብዙ ጋራዥ እንደ ጥበብ ይታያል። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያበዛል፣ አውቶማቲኩም አራተኛ ማርሽ መግባት ያዘገያል። ብዙ ሰው ‘ካምቢዮው ተንሸራተተ’ የሚለው ይህንን ነው። ክዳኑ፣ ፋኑና ራዲያተሩ ደህና ሆነው ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከቀጠለ ግን የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ነው፤ እዚያ ላይ ማቅማማት አያዋጣም።

ዘይት። ሞተሩ የሚይዘው ከ4 ሊትር ያነሰ ነው፤ የ4 ሊትር ጀሪካን ሙሉውን ማንቆርቆር ከልክ በላይ መሙላት ነው። 3 ሊትር ተጨምሮ ቀሪው በዲፕስቲክ እየታየ ይሞላ። 5ደብሊው-30 ለዚህ ሞተር ተስማሚ ነው። ወፍራሙ 20ደብሊው-50 በሞተሩ ውስጥ ያለውን ሰንሰለት ድምፅ ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም፤ በቪቪቲ-አይ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ በዘይት ግፊት የሚያስተካክለው ሥርዓት) ጠባብ መንገዶችም እንደ ልብ አያልፍም። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ካለ የቫልቭ ላስቲክ ነው። ዳገት ላይ ካጨሰ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው።

መሪው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ስለሆነ የመሪ ዘይት የለውም። መሪው ከከበደ መጀመሪያ ቮልቴጅ ይለካ፦ ሞተሩ ጠፍቶ 12.4 እና ከዚያ በላይ፣ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5። ከዚያ ካነሰ ዲናሞው፣ ቺንጋው ወይም የባትሪ ጫፎቹ ናቸው፤ የመሪ ሞተር ለመግዛት አይቸኮል።

ከሥር የሚሰማው ቋ ቋ አብዛኛውን ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው ወደ ጎን እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ ማገናኛ) ነው፤ ቀጥሎ የጎማው የታችኛው ክንድ ቦኮላዎች (ላስቲክ ማቀፊያዎች)። መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ሲነዳ የሚሰማ ቀ-ቀ-ቀ የሴሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ነው፤ ላስቲኩ ሲቀደድ ቶሎ ቢያዝ ግሪስ መሙላትና ላስቲክ መቀየር ይበቃው ነበር። የጎማ ዳዶ በ103 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ቦቢና፣ ስሮትል ቦዲና ዲናሞ ተሞክረው ስለሚገኙ ያዋጣሉ። አሮጌው ዕቃ ይዞ መሄድ ይሻላል፤ የ1.0 እና የ1.3 ዕቃዎች ሲያዩዋቸው ተመሳስለው አይገጥሙም። ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ክዳን፣ የፍሬን ሸራና ማንኛውም ላስቲክ ግን ያገለገለ አይገዛም።