ደሴ ላይ «ሙሉ ፓኬጅ» ካሜራ ልትገዙ ነው? ቀብድ ሳትከፍሉ ይቺን አንብቡ

ጥር መጣ ማለት ሰርግ መጣ ማለት ነው። ሰርግ ሲመጣ ደግሞ ካሜራ ሻጩ ይበዛል። ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ «ለጀማሪ የሚሆን ሙሉ ፓኬጅ ዲኤስኤልአር» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም እየዞረ ነው። (ዲኤስኤልአር ማለት ውስጡ ምስል የሚያንጸባርቅ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ነው።) ፎቶ ሥራ ልጀምር ብላችሁ ብር ያጠራቀማችሁ ልጆች፣ እስቲ ቆም በሉ።

ባለፈው አንድ የሰፈራችን ልጅ ይሄንኑ ገዝቶ አምጥቶ አሳየኝ። ፎቶ አንሺ ስለሆንኩ ሰው ዕቃውን ያመጣልኛል። ሁሌም ግን ከገዛ በኋላ ነው፤ ምን እንደሚሻለን እንጃ። ሻንጣው ሲከፈት በእውነት ዓይን ይሞላል። «ሦስት ሌንስ»፣ ፍላሽ፣ ትራይፖድ፣ ባለ ቀለም ፊልተሮች፣ ሁለት ባትሪ፣ 128 ጊጋ ሜሞሪ፤ መወልወያ ጨርቁ እንኳ አልቀረም። ካሜራው ራሱ ከዚያ ሁሉ ኮተት ሥር ነው የተገኘው።

ከሌንሶቹ እንጀምር። ሦስት አይደሉም፣ አንድ ነው። እሱም ከካሜራው ጋር የሚመጣው ተራው 18-55 ነው። ሁለቱ ጫፉ ላይ የሚጠመዘዙ መስታወቶች ናቸው። አንዱ ላይ 0.43፣ ሌላው ላይ 2.2 ተጽፎባቸዋል፤ «ዋይድ» እና «ቴሌ» ይሏቸዋል። ጥርሳቸው 58 ሚሊሜትር ስለሆነ 18-55ቱ ላይ ልክክ ይላሉ። ብቻቸውን ግን ፎቶ አያነሱም። ልጁን «እስቲ ዋይዱን ግጠምና ያንን አጥር አንሳ» አልኩት። መሃሉ እንደነገሩ ነው። ዳር ዳሩ ሟሟ፤ የአጥሩ ጠርዝ ላይ ደግሞ ወይን ጠጅ መስመር ተሰምሮበታል። በዚህ ሙሽሮች ብታነሱ ዳር የቆሙት ሚዜዎች ፊታቸው አይለይም።

ካሜራው ካኖን 4000ዲ ነው። ሻጩ «የ2024 ሞዴል» ብሎታል። (የካሜራዎቹን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) 4000ዲ የወጣው በ2018 ነው። እንዲያውም ካኖንም ኒኮንም አዲስ ዲኤስኤልአር ካወጡ ቆይተዋል። የካኖን የመጨረሻዎቹ 850ዲ እና 1ዲ ኤክስ ማርክ 3 ሲሆኑ የወጡት በ2020 ነው። የኒኮኖቹ ዲ780 እና ዲ6ም የዚያው ዓመት ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ያ መስታወት ወደሌለው ወደ ሚረርለስ ካሜራ ዞረዋል። ስለዚህ «የዘንድሮ ሞዴል ዲኤስኤልአር» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ አውቆ ነው።

4000ዲ ፎቶ አያነሳም አላልኩም። 18 ሜጋፒክስሉ ለአልበም ይበቃል። ግን የካኖን ርካሹ ዲኤስኤልአር ነው፤ ሌንሱ የሚታሰርበት ቀለበት እንኳ ፕላስቲክ ነው። አብሮት የሚመጣው 18-55ም የእጅ መንቀጥቀጥ የሚቀንሰው አይኤስ የለውም። ለሰርግ የሚያስብ ሰው ደግሞ ትልቁን ጉድ አናቱ ላይ ያገኘዋል። የፍላሹን መቀመጫ እዩት። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ መሃሉ ላይ አንዲት ጎላ ያለች ክብ የብረት ነጥብ አለች። ርካሹ ፍላሽና ትሪገር (ፍላሽን ከርቀት የሚያስተኩሰው) ሁሉ ተኩስ የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበለው በእሷ በኩል ነው። 4000ዲ ላይ የለችም። የካኖን የራሱ ፍላሽ፣ ወይም ከሱ ጋር እንዲግባባ ተብሎ የተሠራ ካልሆነ፣ ሰክታችሁ ብትውሉ አይተኩስም። ልጁ ፍላሹ የተበላሸ መስሎት ድንጋይ እየቀያየረ ሲታገል ከርሟል። ያ ፍላሽ ከፓኬጁ ጋር «በነጻ» የመጣ ነው። በነጻ መሆኑ ገባኝ።

«አብሽር፣ መቶ ምናምን ፎቶ ብቻ ነው የተነሳበት» ብሎም ሻጩ ስክሪኑ ላይ 0112 የሚል የፋይል ቁጥር አሳይቶታል። በዚህ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቁጥሩ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። ሜኑ ውስጥ ገብቶ እንደ አዲስ ማስጀመርም ይቻላል። ትክክለኛው ሻተር ካውንት፣ ማለትም ካሜራው እስካሁን ያነሳው የፎቶ ብዛት፣ ሌላ ነው። ኒኮን ከሆነ ባነሳችሁት ፎቶ መረጃ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። አብዛኛው ካኖን ግን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በፕሮግራም ነው የሚነበበው። እኔ ከቁጥሩ በፊት ገላውን ነው የማየው። የመያዣው ጎማ ተልጦ፣ የፍላሽ መቀመጫው ቀለም ተፍቆ፣ የሻተር ቁልፉ አብረቅርቆ 112 ፎቶ ብቻ? ያ ካሜራ ሰርግ ለሰርግ ሲዞር ነው የኖረው።

በስምም ይጫወታሉ። አንዱ ካሜራ በየአገሩ ስሙ ይለያያል። 600ዲ አሜሪካ ሬብል ቲ3አይ፣ ጃፓን ኪስ ኤክስ5 ይባላል። የ2011 ካሜራ ነው። «600ዲ አሮጌ ነው፣ ይሄ ከጃፓን የመጣ ኤክስ5 ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ደላላ አይጠፋም። ኒኮን የምትገዙ ደግሞ ሌንሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። እነ ዲ3500 እና ዲ5600 ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። አሮጌው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ዲ ቢገጠምላቸው በራሱ ፎከስ አያደርግም፤ በእጅ እያዞራችሁ ነው። ኤኤፍ-ኤስ የሚል ፈልጉ፤ ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ ካላችሁ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአዲስ ኮተት ያገለገለ ጤነኛ ካሜራ ይሻላል። 600ዲም 700ዲም በደንብ የተያዘ ከተገኘ ሥራ ያስጀምራል። የተረፈውን ብር 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ላይ አውሉት። ላሊበላ ቤተ መቅደስ ውስጥ ፍላሽ ሳይተኮስ ፎቶ የሚወጣው እንዲህ ብርሃን በብዛት በሚያስገባ ሌንስ ነው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ ለማንሳት ግን አይመችም፣ በጣም ያቀርባል። ስለዚህ 18-55ቱንም አትሽጡት። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ይለወጣል።

ለግዢ ስትሄዱ የራሳችሁን ሜሞሪ ያዙ። በቀን ሂዱ፤ ካፌ ጥግ ላይ በማታ «ቶሎ እይና ወስን» የሚል ካለ ተነሱና ውጡ። ኤፍ ቁጥሩን (የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ስፋት የሚወስነውን) 16 ላይ አድርጋችሁ ሰማዩን አንሱና አጉልታችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ። ነጠብጣብ ብቻውን አያስፈራም፣ ይጸዳል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማል። ሌንሱን አውልቁና በስልክ መብራት ከኋላው አብሩበት። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው። «የደሴ ጉም ነው፣ ይለቃል» ይሏችኋል። ጉም ሌንሱ ሲሞቅ ይለቃል። ፈንገስ እዚያው ነው። ባትሪውን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፤ አብጦ የሚወዛወዝ ከሆነ እንደ ባትሪ ቆጥራችሁ አትቀበሉት።

ደረሰኝ ጠይቁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ይሄኛው ዓመት በእኛ ነው) ስለምትገዙት ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። ግን ወረቀት ከሌለ መብቱን በምን ታስረዳላችሁ? ልጁ ተመልሶ ሲደውል ሻጩ «እኔ እኮ ያልኩህ ሦስት መስታወት ነው» አለው። ደረሰኝ የለ፣ የተጻፈ ነገር የለ፣ የቴሌግራሙ ማስታወቂያም ተሰርዟል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ገና ሳትደውሉ ስክሪንሾት አንሱት። ደረሰኙ ላይም ከካሜራው ሥር ያለው ሲሪያል ቁጥር ይጻፍ። የተሰረቀ ዕቃ ሆኖ ቢገኝ ፖሊስ የሚጠይቀው እናንተን ነው።

ፓኬጁን አስቀድማችሁ የገዛችሁም አትደንግጡ። ሁለቱን መስታወት ፈትታችሁ ጣሉ። ካሜራው ሐይቅ ዳር በቀን ብርሃን ደህና ፎቶ ያነሳል። ሜሞሪውን ግን አትመኑት፤ 128 ተብሎ ተጽፎበት እውነተኛው መጠን የዚያ ሲሶ የማይሞላ አለ። ከሰርጉ በፊት ጢም ብሎ እስኪሞላ ቪዲዮ ቅዱበትና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይከፈት እንደሆነ ኮምፒውተር ላይ እዩ። መሃል ላይ እምቢ ካለ ሌላ ግዙ፣ ያንን የሙሽሮቹ ቤት ይዛችሁት እንዳትሄዱ።