ቢዋይዲ ሲል ባለ ሁለት ሞተር በጅማ፦ ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ በኋላ

ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ፋብሪካ የሚሠራት፣ «ሲል» የምትባለው ባለ ሁለት ሞተር የኤሌክትሪክ መኪና ከኋላዋ «3.8ኤስ» የሚል ምልክት ተለጥፎባታል። ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.8 ሰከንድ ይበቃታል ማለት ነው፤ ጅማ ውስጥ የትም ባቆማት መጥቶ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዚሁ ቁጥር ነው። ክረምቱንም በጋውንም ከነዳኋት በኋላ ግን ከመኪናዋ ቁጥሮች ሁሉ በጥቂቱ የተጠቀምሁበት እሱን ሆኖ አገኘሁት። ሊገዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት፣ ይህን ያህል ጉልበት ያላት መኪና በእርጥብ መንገድ ላይ ከእጅ ስትወጣ ምን እንደሚሆንና ይህ እንዳይደርስ እጅና እግር ምን መልመድ እንዳለባቸው ነውና፣ ይህ ግምገማ በአብዛኛው ስለዚያ ነው።

ሁለቱ ሞተሮች በድምሩ 390 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 530 የፈረስ ጉልበት ያወጣሉ፤ የማዞር ኃይላቸውም 670 ኒውተን ሜትር ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። አብዛኞቻችን መንዳት የለመድነው በቪትዝና በኮሮላ በመሆኑ፣ አይሱዙ ለመቅደም ስንፈልግ ማርሽ ቀንሶ ፔዳሉን እስከ ወለሉ መርገጥና ሞተሩ እስኪሰበሰብ መጠበቅ የእግራችን ልማድ ሆኗል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ፋብሪካው የጻፈው ጉልበት ጅማም ላይ ሳይጎድል ይገኛል፤ ያውም ሳይዘገይ፣ ያለ ማርሽና ያለ ድምፅ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ልማድ በቀጥታ ወደ እንዲህ ዓይነቱ ጉልበት የሚሻገረው ሰው እየበዛ ነው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ የተማርነው ደግሞ መኪና አስነስቶ ማቆምንና የመንገድ ምልክት ማወቅን እንጂ፣ ጎማ መሬቱን ሲለቅ ምን እንደሚደረግ አልነበረም።

ከጉልበቷ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን እርጋታዋ ነው። ባትሪው ወለሏ ሥር ስለተነጠፈ 2,185 ኪሎ የሚመዝነው አካሏ ክብደቱ ወደ መሬት የቀረበ ነው፤ ኩርባ ላይ ብዙም አታዘነብልም፣ አትጮህም፣ መሪዋም አይንቀጠቀጥም። አሮጌ ኮሮላ በ60 ስትዞር ጎማዋ እየጮኸ፣ ተሳፋሪው በሩን እየያዘ፣ ነጂው ሳይወድ በግዱ እግሩን ያነሳል። ሲል ከዚያ ፈጥና ስትዞር ሁሉም ዝም ነው። የጎማና የአስፋልት ሕግ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ የዙሩ ራዲየስ 60 ሜትር በሆነ ኩርባ ደህና ጎማ ያላት መኪና አስፋልቱ ደረቅ ሲሆን በሰዓት እስከ 78 ኪሎ ሜትር ገደማ መያዝ ትችላለች፤ በዝናብ ጊዜ ይህ ወደ 62 ይወርዳል፤ አስፋልቱ ላይ ጭቃ ካለ ደግሞ ከዚያም በብዙ ያንሳል። መኪናዋ እዚህ ወሰን ላይ እስክትደርስ ድረስ ምንም ምልክት አትሰጥም ለማለት ይቻላል፤ ለእኔ ትልቁ ጉድለቷም ትልቁ ምቾቷም ይኸው ነው።

ነሐሴ ውስጥ ከአጋሮ ወደ ጅማ ስመለስ የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ መንገዱ በቡና ጥላ ዛፎች መካከል በሚያልፍበት አንድ ኩርባ ላይ፣ ከጎን ከሚገባ የገጠር መንገድ የወጡ መኪኖች ጎማቸው ላይ ያመጡትን ቀይ አፈር አስፋልቱ ላይ አራግፈው ስስ ልባስ አድርገውታል። መኪናዋ ስፖርት በሚባለው የአነዳድ ምርጫ ላይ ነበረች፤ ከኩርባው ስወጣ ፔዳሉን ጫን አልሁት፤ የኋላ ጎማዎች ወደ ግራ ሸሹ። በዚህ ጊዜ የማንኛውም ያልሠለጠነ ነጂ እግር የሚያደርገውን የእኔም አደረገ፤ ከፔዳሉ ላይ ድንገት ተነሳ። ይህ ሲሆን ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ኋላው ይቀላል፣ ሞተሮቹም ኃይል መስጠታቸውን ትተው ወደ ባትሪው መመለስ ስለሚጀምሩ ጎማዎቹን ይይዛሉ። ኋላዋ ይበልጥ ሸሸ። መሪውን ወደ ግራ አዞርሁ፤ የመረጋጋት መቆጣጠሪያውም በየጎማው ፍሬን እየያዘ ረዳኝና ቀጥ አለች፤ ነገር ግን መሪውን ለመመለስ ስለዘገየሁ ኋላዋ አሁን በተቃራኒው፣ ከመጀመሪያው በበለጠ ኃይል ወደ ቀኝ ተወነጨፈ። አፍንጫዋ ተቃራኒውን መስመር አቋርጦ፣ የፊት ግራ ጎማዋ ሳር ላይ ወጥቶ ቆመች። ከፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። ጉዳቱም የፊት መከላከያው የታችኛው ጠርዝ መጫጫር ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ዓይነት አደጋ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ መጀመሪያው መንሸራተት ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ሁለተኛው ነው። መጀመሪያው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ መኪናዋም ራሷ ታግዛለች። ሁለተኛው ነጂው በመሪው የሠራው ነው፤ የመጀመሪያው መወዛወዝ ያጠራቀመው ኃይል ስለሚጨመርበትም ይፈጥናል። የመረጋጋት መቆጣጠሪያው ጎማ መሬት የሚይዝበትን ኃይል በየጎማው ያከፋፍላል እንጂ አስፋልቱ ላይ የሌለውን አይፈጥርም። እኔ ይህን ሥርዓት መንገድ ላይ አጥፍቼው አላውቅም፤ «ያለሱ ይጣፍጣል» የሚሉ ወጣቶች ቢመክሩኝም።

ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ወደ ጎማ ሄደ። 235/45 በ19 ኢንች የሆነው መጠን ጅማ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ያስፈልጋል፣ ሻጩም «ያው ነው» እያለ ርካሹንና ውዱን አንድ ላይ ሊያቀርብ ይችላል። ያው አይደለም። ሕጋዊው ዝቅተኛ የጎማ ጥርስ ጥልቀት በብዙ አገሮች 1.6 ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ውኃ የማስወጣት አቅሙ በጣም ይደክማል፤ እንደ ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል በሚዘንብበት ቦታ እስከ 1.6 መጠበቅ ገንዘብ መቆጠብ አይባልም። ከባድ መኪናና ፈጣን ሞተር ጎማ ቶሎ ስለሚጨርሱም ጥልቀቱን በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል። ነፋሱን ደግሞ ጎሚስታው በልማዱ እንዲሞላ ከመተው፣ ነጂው በሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እያሳየ ማስሞላት አለበት፤ እኔ ይህን እስክጀምር ድረስ አራቱ ጎማዎች አራት ዓይነት ነበሩ።

መንዳቱን ያስተማሩኝ ግን በጡረታ ያሉ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። የጅማና የአካባቢዋ መንገዶች ጭቃ በነበሩበት ዘመን ትሬንታ ኳትሮ የነዱ ሰው ናቸው፤ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ምንም ባያውቁም ስለ መንሸራተት የማያውቁት የለም። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያውቁት ሰው ሰፊ የገረጋንቲ ሜዳ ስላለው፣ አስፈቅደውልኝ ዝናብ ካባራ በኋላ እዚያ እንለማመድ ነበር። ቢጫ ጀሪካኖች ነፋስ እንዳይወስዳቸው ትንሽ ውኃ ጨምረንባቸው በመስመር እናቆማለን፤ ፍጥነቱ ከ40 አይበልጥም። «ከ40 በላይ የምትማረው ነገር የለም፤ የምትሰብረው እንጂ» ይሉኛል።

የመጀመሪያው ልምምድ ፍሬን ነበር። ጎማው እንዳይቆለፍ በሚከላከለው፣ ኤቢኤስ በተባለው ሥርዓት የሚያዝ ፍሬን ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ፔዳሉ ከእግር ሥር ይርገበገባል፤ ይህን ያልለመደ ሰው የተሰበረ ነገር ያለ መስሎት እግሩን ያነሳል፣ የማቆሚያ ርቀቱም ያን ጊዜ ይረዝማል። እየተርገበገበ መርገጡን ሳይተዉ መሪውን ወደ ጎን አዙሮ ጀሪካኑን ማለፍ እንደሚቻል ሰውነቴ እስኪያምን ድረስ ደጋገምነው። ቁጥሩንም ማወቅ ይጠቅማል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ጥሩ ጎማ እያላት እንኳ በደረቅ አስፋልት ፍሬን ከተያዘ በኋላ 31 ሜትር፣ በእርጥብ 50 ሜትር ገደማ ትሄዳለች፤ ነጂው እስኪነቃ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጨምርበታል። ባጃጅ ድንገት በሚታጠፍባት ከተማ 72 ሜትር ብዙ ነው።

ቀጥሎ በጀሪካኖቹ ዙሪያ መዞር ነበር። ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ሲጨምር በመጀመሪያ የሚለቀው የፊት ጎማ ነው፤ መሪው ይቀልላል፣ መኪናዋ የታዘዘችውን ትታ ወደ ውጭ ትሄዳለች። ደመ ነፍስ መሪውን ይበልጥ አዙር ይላል፤ መድኃኒቱ ግን መሪውን ትንሽ መመለስና እግርን በዝግታ ማንሳት ነው። እግሩ በድንገት ከተነሳ ግን ኋላው ይሄዳል፤ አጋሮ መንገድ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አጠገቤ ተቀምጠው «ጋሼ፣ አሁን የቱ ጎማ ነው የሄደው?» ስላቸው፣ «እኔን አትጠይቀኝ ልጄ፣ ወንበሩን ጠይቀው» አሉኝ፤ የፊቱ በእጅ፣ የኋላው በመቀመጫ እንደሚታወቅ የገባኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ስለ ዓይንም አጥብቀው ይቆጡኛል፤ ሰው የሚፈራውን ጀሪካን ሲያይ እጁ ወደዚያው ይመራዋል፣ መውጫውን ሲያይ ግን መሪውን በጊዜው ይመልሳል። ሁለተኛውን መወዛወዝ ያጠፋልኝ ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

ስክሪኑ ላይ በኪሎ ዋት የሚታየው የጉልበት መለኪያም ጥሩ አስተማሪ ሆነኝ። ቁጥሩ ከ0 ወደ 60 ሲወጣ ሳይዘል በየቁጥሩ እንዲያልፍ፣ ሲወርድም እንዲሁ እንዲሆን መሞከር፣ አሰልቺ ቢመስልም የእግርን ጠባይ ይቀይራል። ከአነዳድ ምርጫዎቹ ውስጥ በክረምት የምጠቀመው ለበረዶ የተሠራውን ነው፤ ጅማ በረዶ አንጥፋ ባታውቅም፣ የፔዳሉን ምላሽ ስለሚያለዝብ ለቀዩ ጭቃችን ከስፖርቱ ይልቅ ይስማማል። እግር ሲነሳ ኃይል ወደ ባትሪ የሚመልሰውንም ሥርዓት በእርጥብ መንገድ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬአለሁ።

ይኸው ሥርዓት በረጅም ቁልቁለት ግን ወርቅ ነው። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ወንዝ መንገዱ ወደ 800 ሜትር ስለሚወርድ፣ እኔንና ጓዜን ጨምራ 2,300 ኪሎ የምትመዝን መኪና እዚያ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዛ ትወርዳለች፤ ከፊሉ በፍሬን ከመቃጠል ይልቅ 82.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደሚይዘው ባትሪ ይመለሳል። የጭነት መኪኖቹ ፍሬን ሲሸት የሲል ፍሬን ቀዝቃዛ ነው። ባትሪው ጢም ብሎ ከተሞላ ግን የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው፣ እግር ሲነሳ መኪናዋ እንደ ለመደችው አትይዝም፤ ሙሉ ሞልቶ ከቤቱ ቁልቁል የሚነሳ ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ስለ ሌላው ነገር ብዙ የምለው የለኝም። ከመሬት ያላት ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለጅማ ዳር ሰፈሮች አልተሠራችም፤ የመንገድ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ (ብሬከር) ላይ በሰያፍ ማለፍ ግድ ነው። ተጠባባቂ ጎማ የላትም። መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ይቋረጣል፣ ሲመጣ ራሷ ትቀጥላለች። ወንበሩ፣ ድምፅ መከልከሏና ቀዝቃዛ አየሯ እንከን የላቸውም።

በጎማ በጀት የማይቆጥብና ጥቂት ቅዳሜዎችን ለሜዳ ልምምድ የሚሰጥ ሰው ይህችን መኪና ቢገዛ አይቆጨውም፤ መቅደም በሚያስፈልግበት ጠባብ ክፍተት ፈጥኖ ገብቶ ፈጥኖ መውጣትን የመሰለ የደኅንነት መሣሪያ የለምና። ጎማ የሚያሳሳው ሰው ግን 150 ኪሎ ዋት ያላትን፣ ባለ አንድ ሞተር ሌላ መኪና ይፈልግ። እኔ የኋላዎቹ ጎማዎች 4 ሚሊ ሜትር ላይ ስለደረሱ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጠነክር አራቱንም አዝዣለሁ።