ካርዱ አልተቃጠለም፦ ሐዋሳ ላይ ሊኑክስ ለምትጠቀሙ የምጠቁማችሁ ባለሙያ

ሐዋሳ ውስጥ በሊኑክስ ኮምፒውተር የምትሠሩ፣ በተለይ የቤት ንድፍ የምታወጡና ቪዲዮ የምታቀናብሩ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። አቶቴ አካባቢ በአነስተኛ ሱቅ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት ባለሙያ አለ። የሠራልኝን ሥራ በአደባባይ ሳላመሰግን ማለፍ አልቻልኩም።

ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። የደንበኞቼ ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ባለሦስት አውታር ምስል በሚሠራው ፕሮግራም በብሌንደር አዘጋጅቼ አሳያቸዋለሁ። ላፕቶፔ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት ሲሆን ሁለት የግራፊክስ ካርዶች አሉት፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የመጣው የኢንቴል፣ ሌላው የኢንቪዲያ። ይህ ላፕቶፕ ነው እንግዲህ አንድ ግድግዳ ለማዞር የሚያቅተው ሆኖ የተገኘው። ማራገቢያው ያጓራል፣ ምስሉ ይጎተታል፣ ተራ ቪዲዮ እንኳ ይቆራረጣል። መጀመሪያ ያሳየኋቸው ሰዎች ገና ሳይመረምሩት "ካርዱ ተቃጥሏል፣ ማዘርቦርዱ ይቀየር" አሉኝ። ሌሎች ደግሞ ሊኑክሱን አጥፍተው ዊንዶውስ ሊጭኑልኝ ተነሡ። የማስረከቢያ ቀን የደረሰበት ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ይህ ወጣት ግን ካቻቪቴ አላነሣም። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍቶ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራው የትኛው ክፍል እንደሆነ አጣራ። የወጣው መልስ የኢንቴልም የኢንቪዲያም ስም አልነበረም፤ "ኤልኤልቪኤም ፓይፕ" የሚል ነበር። ይህ ሜሳ በሚባለው የግራፊክስ ሶፍትዌር ውስጥ ያለ መጠባበቂያ ነው፤ የሚሠራ ካርድ ሲታጣ የካርዱን ሥራ በሙሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይጭነዋል።

"ጋሼ፣ ካርዱ አልተቃጠለም፤ ሥራ የሚሰጠው ነው ያጣው" አለኝ።

ምክንያቱ ድርብ ነበር። ላፕቶፑን የሸጠልኝ ሰው ሲስተሙን ሲጭን "ኖሞድሴት" የሚባለውን ትእዛዝ በማስነሻው በግሩብ ውስጥ አስገብቶ እዚያው ትቶታል። ትእዛዙ በመጫን ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር ለጊዜው ለማለፍ ይጠቅማል፤ ሳይወጣ ከቀረ ግን የኢንቴሉ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ሥራ እንዳይጀምር ያግደዋል። የኢንቪዲያውን ያገደው ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያልታወቀ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚጠብቀው መከላከያ ነው። እሱ ሲበራ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል የማያውቀው ፊርማ ያለበትን ሞጁል (እንደ ድራይቨር ያለ ተጨማሪ ክፍል) አይቀበልም፤ ድራይቨሩ በዲስኩ ላይ ቢኖርም በር ላይ ተመልሷል።

ትእዛዙን ከግሩብ አወጣ፣ ድራይቨሩን እንደገና ጫነ፣ ድራይቨሩ ለሚፈረምበት ቁልፍ የይለፍ ቃል አስገባ። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ቁልፉ የሚመዘገብበት ሰማያዊ ገጽ ሲመጣ እጄን ያዘኝ። ብዙ ሰው "ቀጥል" የሚለውን ተጭኖ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው፤ ቁልፉን መዝግብ የሚለውን መርጦ ያንኑ የይለፍ ቃል ማስገባት ያስፈልጋል። ይህን በገዛ እጄ አሠራኝ። ሴኪዩር ቡትን አጥፍቶ መገላገል ይችል ነበር፤ የደንበኞቼ ሰነዶች ያሉበት ኮምፒውተር ስለሆነ መከላከያው እንዳይነሣ መፈለጉን እጅግ አከበርኩለት።

አሁን የዕለት ሥራው በኢንቴሉ ይሄዳል፣ ብሌንደርን ስከፍት ኢንቪዲያው ይነሣል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ቀድሞ ከነበረው በጣም የረዘመ ጊዜ ይቆይልኛል፤ በዚህ ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከከርነል ዝማኔ በኋላ ችግር ቢመጣ በግሩብ በኩል የቀድሞውን ከርነል መርጬ እንድነሣም በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል። የጠየቀኝ ዋጋ ደግሞ ለፎርማት ከተጠየቅሁት ያነሰ ነበር።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁም ብታማክሩት ይጠቅማችኋል። የኢንቪዲያ ካርድ ከሆነ ትውልዱን ሳታዩ አትግዙ ይላል። ከቆዩት ካርዶች የፌርሚ ትውልዶቹ በ390፣ የኬፕለሮቹ በ470 የድራይቨር ቅርንጫፍ ቆመዋል፤ አዲሶቹ ድራይቨሮች አይደግፏቸውም። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨሮች ከከርነሉና ከሜሳ ጋር አብረው ስለሚመጡ ለሊኑክስ ብዙ ጊዜ ራስ ምታት አያመጡም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ልሰጥ ፈቅዶልኛል። ስትሄዱ ቻርጀራችሁን ያዙ፣ ፋይሎቻችሁን አስቀድማችሁ በፍላሽ ገልብጡ። ከመሄዳችሁ በፊትም ደውሉለት፤ መብራት በሌለበት ቀን ሥራውን ወደ ማታ ያሸጋግራል።